የገበታ ጦር ጨዋታና የኮምፒዩተር ተፎካካሪው

ጦርነትን በገበታ ላይ አስመስሎ የመጫወት ልማድ ረጅም ታሪክ አለው። የንግድ ዕቃ ሆኖ መሸጥ ከጀመረ ግን ሰባ ዓመት ያህል ቢሆነው ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ጨዋታው ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር ተሻግሯል፤ ወረቀቱም ቢሆን ከገበያ አልጠፋም። አዲስ ዕቃ አሮጌውን የሚገፋው መቼ እንደ ሆነ፣ ሁለቱ ጎን ለጎን የሚኖሩትም በምን ምክንያት እንደ ሆነ ለመመርመር ለሚፈልግ ነጋዴ ይህ ንግድ መልካም ምሳሌ ነው።

ለዘመናዊው ጨዋታ መሠረት የጣለው በ1824 ዓ.ም. (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የፕሩሲያው የመድፈኛ መኮንን ፎን ራይስቪትስ ያሳተመው ደንብ ነው። ተፋላሚዎቹ ትእዛዛቸውን በጽሑፍ ለዳኛ ይሰጣሉ፤ ዳኛውም ጦሩን በካርታ ላይ አንቀሳቅሶ፣ ዳይስ ጥሎ፣ ሠንጠረዥ ተመልክቶ የደረሰውን ጉዳት ይወስናል። ለእያንዳንዱ አዛዥ የሚገለጽለት ከስፍራው ሆኖ ሊያይ የሚችለው ብቻ ነው።

ይህን ጨዋታ ለንግድ ያበቃው ቻርልስ ሮበርትስ የተባለው አሜሪካዊ ነው። በ1954 ዓ.ም. «ታክቲክስ» የተባለውን ጨዋታ አሳትሞ በፖስታ መሸጥ ጀመረ፤ በ1958 ዓ.ም. ደግሞ በባልቲሞር ከተማ አቫሎን ሂል የተባለውን ኩባንያ አቋቋመ። ለየገዢው ቤት ዳኛ መላክ ስለማይቻል፣ የዳኛው ሥራ በደንብ መጽሐፍ ተጽፎ ለተጫዋቾቹ ተሰጠ። ኋላም ካርታው ባለ ስድስት ጎን ክፍሎች ተከፋፈለ፤ የየጦሩ ብርታትና የርምጃው ልክ በትንንሽ የካርቶን ቁራጮች ላይ ታተመ። ጥሬ ዕቃው ወረቀት፣ ካርቶንና ቀለም ቢሆንም ንግዱ ከአደጋ የራቀ አልነበረም። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ኩባንያው በዕዳ ተይዞ ለአበዳሪዎቹ ተላለፈ፤ ከእነርሱም አንዱ አታሚው ነበር።

ደንቡ እየተራቀቀ ሲሄድ የተጫዋቹ ድካም በዛ። በ1979 ዓ.ም. የወጣው የሰሜን አፍሪካ ዘመቻ ጨዋታ ተጫውቶ ለመጨረስ 1,500 ሰዓት ያህል ይጠይቃል ይባላል፤ ለኢጣሊያ ወታደሮች ፓስታ መቀቀያ የሚሆነው ውኃ እንኳ ሳይቀር በሒሳብ ይያዛል። እንዲህ ያለውን የጸሐፊና የሒሳብ ሹም ሥራ መሣሪያ ቢሠራው የሚጠላ አልነበረም። በ1980 ዓ.ም. «ኮምፒዩተር ቢስማርክ» ወጣ፤ አቫሎን ሂልም በዚያው ዓመት የኮምፒዩተር ጨዋታ መሸጥ ጀመረ። በ1994 ዓ.ም. የወጣው «ፓንዘር ጄኔራል» ደግሞ ባለ ስድስት ጎኑን ካርታ የገበታ ጨዋታ ለማያውቁ ሰዎች ሁሉ አስተዋወቀ።

በእርግጥ ኮምፒዩተሩ የቀድሞውን ዳኛ መልሶ አምጥቷል። የጠላትን ጦር ይሰውራል፤ ሒሳቡን በቅጽበት ይጨርሳል፤ ባልንጀራ በሌለበት ሌሊት እንኳ ተጋጣሚ ይሆናል። ነገር ግን የፍርዱን ምክንያት ሁልጊዜ አይገልጽም። በገበታ የሚጫወት ሰው ስንቁ የተቋረጠበት ክፍለ ጦር ለምን እንደ ተዳከመ ያውቃል፤ እስከ ስንቅ ግምጃ ቤቱ ያለውን ርቀት በጣቱ የቈጠረው ራሱ ነውና። ደንቡ ስሕተት መስሎ ከታየው ከባልንጀራው ጋር ተስማምቶ ያሻሽለዋል። ደግሞም በ1958 ዓ.ም. የተሸጠ ሣጥን ቁራጮቹ ካልጠፉ ዛሬም ተከፍቶ ይጫወቱበታል፤ የቀድሞ የኮምፒዩተር ጨዋታ ግን የተሠራለት መሣሪያ ሲያልፍበት ብዙ ጊዜ አብሮ ያልፋል።

በ1998 ዓ.ም. አቫሎን ሂል በ6 ሚሊዮን ዶላር ለሐዝብሮ ኩባንያ ሲሸጥ የገበታው ዘመን ያበቃ ይመስል ነበር። ሆኖም በካሊፎርኒያ የሚገኘው ጂ.ኤም.ቲ. የተባለ ኩባንያ ሌላ ዘዴ አገኘ። አዲስ ጨዋታ ሲታሰብ አስቀድሞ በቅናሽ ዋጋ ትእዛዝ ይቀበላል፤ ትእዛዙ 500 ሲደርስ ለኅትመት ያዘጋጀዋል፤ ገንዘቡን የሚሰበስበው ዕቃው ለመላክ ሲቃረብ ነው። ስለዚህ ገዢ ያልተገኘለት ሣጥን መጋዘን ሞልቶ የአታሚ ዕዳ አያስከትልም።

ይኸው ኩባንያ በ2005 ዓ.ም. ስለ ቀዝቃዛው ጦርነት «ትዋይላይት ስትራግል» የተባለውን ጨዋታ አወጣ፤ ሁለቱ ኃያላን ከሚፎካከሩባቸው አገሮች መካከል ኢትዮጵያም በካርታው ላይ ትገኛለች። በ2016 ዓ.ም. የኮምፒዩተሩ እትም ሲወጣ የገበታው ሽያጭ አልተቋረጠም። ሩቅ ለሩቅ የሚኖሩ ተጫዋቾች ደግሞ «ቫሳል» በተባለው ነጻ ፕሮግራም ካርታውን በመስታወቱ ላይ ዘርግተው፣ ደንቡን ራሳቸው እየጠበቁ ይጫወታሉ።

ከዚህ እንደሚታየው ደንበኛው አንዱን ድካም እንዲቀልለት ይፈልጋል፤ ሌላውን ድካም ግን ገንዘብ ከፍሎ ይገዛዋል። ሒሳቡ የሰለቸው ወደ ኮምፒዩተሩ ይሄዳል፤ ምክንያቱን ማወቅና ከባልንጀራው ፊት ለፊት መቀመጥ የሚወደው ሣጥኑን ያዝዛል። አዲስ ዕቃ በመጣ ጊዜ አሮጌውን ከመደርደሪያው ለማውረድ የሚያስብ ነጋዴም ደንበኞቹ ከሁለቱ የትኞቹ እንደ ሆኑ አስቀድሞ ቢጠይቅ ከኪሳራ ይድናል።