ተናባቢ ቃልና የንባብ ቤት ትምህርት

በንባብ ቤት ያለፈ ሰው «መካነ ሰላም» የሚለውን የከተማ ስም ሲያነብ ሁለቱን ቃላት በአንድ ትንፋሽ ያያይዛቸዋል። የፊተኛው ለብቻው «መካን» ነው፤ «ሰላም»ን ሲያስከትል መድረሻው ከሳድስ ወደ ግዕዝ ይለወጣል። መምህራኑ ይህን መናበብ ይሉታል። ቤተ ክርስቲያን፣ ሕገ መንግሥትና ሥነ ጽሑፍ የተሠሩት በዚሁ መንገድ ነው። መድረሻው ሣልስ ከሆነ ወደ ኃምስ ይዞራል፤ ራብዕ፣ ኃምስና ሳብዕ ሳይለወጡ ይናበባሉ።

ከመካነ ሰላም በስተምሥራቅ ያለችው ወረኢሉ፣ በ1888 ዓ.ም. የዐድዋ ዘማች እንዲሰበሰብባት የታወጀባት ከተማ፣ ስሟ ከኦሮምኛ ነው። «ወረ» ቤተሰብ፣ ወገን ማለት ነው፤ ወረ ሂመኖና ወረባቦም እንዲሁ። ግዕዝም ኦሮምኛም ባለቤቱን ከኋላ ያመጣሉ። አማርኛ ግን «የሰላም ቦታ» ብሎ ያስቀድመዋል።

ወደ ንባብ ቤት እንመለስ፤ ቃልን በየድምፁ መክፈል ለባለ ፊደል ቀላል ይመስላል፤ የሚያስቸግረው ሳድስ ነው። የ«ክብር» መነሻ «ክ» አናባቢ አለው፣ የ«መካን» መድረሻ «ን» ግን የለውም። ጽሕፈቱ ይህን አይለይም። ስለዚህ ልጁ ፊደል ቆጥሮ፣ አቡጊዳ ዘልቆ፣ መልእክተ ዮሐንስን በግዕዝ፣ በውርድና በቁም ንባብ እየደጋገመ ከመምህሩ አፍ ይማራል።

ድምፁ የት ከፍ፣ የት ዝቅ እንደሚል የሚለይበትም ስም አለው። መድረሻቸው ሳድስ ካልሆነ ቃላት መካከል «ቀደሰ» ተነሽ ነው፣ «ደብተራ» ወዳቂ። በሳድስ ከሚያልቁት «ይቄድስ» ሰያፍ ነው፣ «ሰማይ» ተጣይ። አንባቢ ተነሽን ቢጥል ወይም ወዳቂን ቢያነሣ መምህሩ እዚያው ያቆመዋል። ይህን የመሰለ ጥንቃቄ በዘመናዊ ትምህርት ቤቶቻችን አለማየቴ ያሳዝነኛል።

እንግሊዝኛ ግን ድምፁ የት እንደሚነሣ የማመልከቱን ሥራ ለመዝገበ ቃላት ይተወዋል። አማትን የሚጠሩበት፣ በሰረዝ የተያያዘው «ማዘር-ኢን-ሎው» አራት የድምፅ ክፍል (ማ፣ ዘር፣ ኢን፣ ሎው) አለው፤ የድምፁ ኃይል የሚያርፈው በመጀመሪያው ላይ ነው። «ዌል-ኖውን» ደግሞ ብቻውን ሲቆም ኃይሉ «ኖውን» ላይ ያርፋል፤ ስም ሲከተለው ኃይሉ ብዙ ጊዜ ወደ «ዌል» ይሸሻል። ሰረዙ ቃላቱን ያያይዛል እንጂ ድምፁ የት እንደሚነሣ አይናገርም።

እኛም ዛሬ «ሥነ-ጽሑፍ» እያልን ሰረዝ እንጨምራለን። አያስፈልግም፤ የ«ነ» ግዕዝነት መናበቡን አስቀድሞ ነግሮናል። በወረኢሉም ሆነ በመካነ ሰላም እንግሊዝኛ የምታስተምሩ መምህራን፣ በክፍላችሁ ዳዊት የደገመ ተማሪ ካለ፣ የድምፅ ኃይል የሚያርፍበትን ስታስተምሩ ተነሽና ወዳቂን ለጓደኞቹ እንዲያሰማ ዕድል ስጡት።