የምርጫ ሂደትን ከውጭ መንግሥታት የሳይበር ጣልቃ ገብነት መጠበቅ፦ መራጩ ሊያውቀው የሚገባ

የውጭ መንግሥት በሳይበር አማካይነት በምርጫ ጣልቃ ገባ ሲባል፣ አብዛኛው ሰው በቅድሚያ የሚያስበው ድምፅን በስውር የሚቀይር የኮምፒዩተር ሰርጎ ገብ ነው። ይሁን እንጂ ከዚህ በታች በሚገለጹት ጉዳዮች ሁሉ የተቀየረ ድምፅ መኖሩን የሚያሳይ ማስረጃ አልተገኘም። ጥቃቱ ያነጣጠረው በድምፅ መስጫው ዙሪያ ባሉ ነገሮች ላይ ነበር፤ ይኸውም በፖለቲከኞች ኢሜይል፣ በመራጮች መዝገብ፣ ውጤት በሚገለጽበት ድረ ገጽና ከሁሉ በላይ መራጩ በውጤቱ ላይ ባለው እምነት ላይ ነው። መከላከያውም ከዚሁ መነሣት ይኖርበታል።

ይህንን በግልጽ ከሚያሳዩት ጉዳዮች አንዱ የዩክሬን ነው። እ.ኤ.አ. ግንቦት 25 ቀን 2014 በተካሄደው የዩክሬን ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ዋዜማ፣ ሰርጎ ገቦች ወደ ማዕከላዊ ምርጫ ኮሚሽኑ የኮምፒዩተር መረብ ገብተው ሥርዓቱን ከጥቅም ውጭ አደረጉት። ኮሚሽኑ የመጠባበቂያ ቅጂ ስለነበረው ሥራውን መልሶ ማስነሣት ቻለ። በምርጫው ዕለት ግን ሌላ ጉዳይ ተገኘ። በኮሚሽኑ ሰርቨር ላይ አክራሪ ብሔርተኛው ድሚትሮ ያሮሽ 37 በመቶ ድምፅ አግኝቶ እንዳሸነፈ የሚያሳይ ሐሰተኛ የውጤት ገጽ ተቀምጦ ነበር። ባለሙያዎች ውጤቱ መገለጽ ሊጀምር ከአንድ ሰዓት ያነሰ ጊዜ ሲቀረው ደርሰውበት አስወገዱት። ያም ሆኖ የሩሲያው ቻናል አንድ ቴሌቪዥን ያንኑ ሐሰተኛ ውጤት በዜና እወጃው አሳየ። ያሮሽ በእውነተኛው ቆጠራ ያገኘው ድምፅ አንድ በመቶ እንኳ የማይሞላ ነበር። አሸናፊው ፔትሮ ፖሮሼንኮ ሲሆን ያገኘውም ወደ 55 በመቶ ነው።

ዩክሬናውያን ድምፅ የሰጡት በወረቀት ስለሆነ ሐሰተኛው ገጽ ቢገለጽም እውነተኛው ውጤት አይለወጥም ነበር፤ ወረቀቱን እንደገና መቁጠር ይቻላል። አጥቂዎቹም ይህንን ሳያውቁት አልቀሩም። የፈለጉት ለጥቂት ሰዓታት ሁለት «ውጤት» እንዲኖርና ሕዝቡ የትኛውን እንደሚያምን ግራ እንዲጋባ ነው። በጦርነት አፋፍ ላይ በነበረች አገር ጥቂት ሰዓት ብዙ ጉዳት ሊያደርስ ይችል ነበር። ለጥቃቱ ኃላፊነት የወሰደው ሳይበር በርኩት የተባለ ቡድን ሲሆን፣ የብሪታንያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2018 ቡድኑን ከሩሲያ ወታደራዊ የስለላ ድርጅት ጋር አያይዞታል። ሩሲያ በዚህም ሆነ በሌሎች መሰል ክሶች እጇ እንደሌለበት ስትገልጽ ቆይታለች።

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2016 የተፈጸመው ጥቃት የጀመረው በአንድ ኢሜይል ነው። የሂላሪ ክሊንተን የምርጫ ዘመቻ ሊቀ መንበር የነበሩት ጆን ፖዴስታ በመጋቢት ወር ከጎግል የተላከ የሚመስል መልእክት ደረሳቸው። መልእክቱ የይለፍ ቃላቸው በሌላ ሰው እጅ እንደገባና ወዲያውኑ መቀየር እንዳለባቸው የሚገልጽ ነበር። የዘመቻው የኮምፒዩተር ባለሙያ መልእክቱ ሐሰተኛ ነው ሊል አስቦ «ትክክለኛ ነው» ብሎ መጻፉን በኋላ ተናግሯል። በዚህ ምክንያት ከ50,000 በላይ ኢሜይሎች ተሰረቁ፤ ምርጫው አንድ ወር ሲቀረውም በተከታታይ ይፋ መደረግ ጀመሩ። በዚያው ዓመት የኢሊኖይ ግዛት የመራጮች መዝገብ ተጥሶ ወደ 500,000 የሚጠጉ ሰዎች መረጃ ተወስዷል። የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር በሐምሌ 2018 በአሥራ ሁለት የሩሲያ ወታደራዊ የስለላ መኮንኖች ላይ ክስ መሥርቷል።

የመራጮች መዝገብ መሰረቅ ከድምፅ ስርቆት ያነሰ ጉዳት ያለው ሊመስል ይችላል። ሆኖም የመራጩን ሙሉ ስምና አድራሻ የያዘ ሰው «የምርጫ ጣቢያዎ ተቀይሯል» የሚል እውነተኛ የሚመስል መልእክት በስም ሊልክለት ይችላል። መዝገቡን ማየት ብቻ ሳይሆን ማስተካከል የቻለ ደግሞ፣ ዜጋው በምርጫው ቀን ስሙን ከዝርዝሩ እንዲያጣ ማድረግ ይችላል። የብሪታንያ የምርጫ ኮሚሽን በዚህ ረገድ የሚጠቀስ ነው። ሰርጎ ገቦች እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2021 ወደ ሥርዓቱ ገብተው እስከ ጥቅምት 2022 ድረስ አልታወቁም ነበር። ለአደጋ የተጋለጠውም የ40 ሚሊዮን ያህል መራጮች መረጃ ነው። የብሪታንያ መንግሥት ድርጊቱን ከቻይና መንግሥት ጋር ግንኙነት ባለው አካል ላይ ሲያሳርፍ ቻይና አስተባብላለች። የአገሪቱ የመረጃ ጥበቃ ተቆጣጣሪ ባደረገው ማጣራት፣ ክፍተቱን የሚደፍነው የሶፍትዌር ማሻሻያ ከጥቃቱ ከወራት በፊት ወጥቶ እንደነበረና ኮሚሽኑ እንዳልጫነው አረጋግጧል። አንድ መንግሥት ያሰማራው ሰርጎ ገብ ሁልጊዜ የረቀቀ ጥበብ አያስፈልገውም፤ ያልተዘጋ በር ይበቃዋል።

መከላከል እንደሚቻል የሚያሳዩ ጉዳዮችም አሉ። ኔዘርላንድስ ውስጥ ዜጎች ድምፅ የሚሰጡት በወረቀት ላይ በቀይ እርሳስ ቢሆንም፣ የየጣቢያውን ውጤት የሚደምረው ሶፍትዌር ነበር። የሶፍትዌሩ ደካማነት በይፋ ሲነገር፣ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ከመጋቢት 2017 ምርጫ ስድስት ሳምንት ቀደም ብሎ ድምሩ በእጅ እንዲሠራ ወሰኑ። ሥራው አድካሚ ቢሆንም ማንም ከሩቅ ሊደርስበት የማይችል ነበር።

በፈረንሳይ በዚያው ዓመት የሁለተኛው ዙር ምርጫ ሁለት ቀን ሲቀረው ከኢማኑኤል ማክሮን የምርጫ ዘመቻ የተሰረቁ 9 ጊጋባይት የሚሆኑ ሰነዶች በኢንተርኔት ተለቀቁ። ጊዜው በጥንቃቄ የተመረጠ ነበር። በፈረንሳይ ሕግ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ የቅስቀሳ ዝምታ ስለሚጸና ዕጩው መልስ መስጠት አይችልም። ዘመቻው ሰዓቱ ከመድረሱ ጥቂት ደቂቃዎች በፊት መግለጫ አወጣ። የምርጫ ቅስቀሳ ተቆጣጣሪ ኮሚሽኑ የመገናኛ ብዙኃን የሰነዶቹን ይዘት እንዳያሠራጩ ጠየቀ፤ ትልልቆቹ ጋዜጦችም ከምርጫው በፊት አላተሙትም። በዚህም የሰነዶቹ ተጽዕኖ በእጅጉ ተገድቧል። የፈረንሳይ መንግሥት ጥቃቱን የፈጸመው የሩሲያ ወታደራዊ የስለላ ድርጅት መሆኑን በይፋ ያስታወቀው በሚያዝያ 2025፣ ማለትም ከስምንት ዓመት በኋላ ነው። ይህ ሊታሰብበት ይገባል። አጥቂውን በማስረጃ መለየት ረጅም ጊዜ ስለሚጠይቅ፣ የማይወደድን ዜና ሁሉ በማግስቱ «የውጭ እጅ ነው» ብሎ መፈረጅ በራሱ የሕዝብን አመኔታ ይሸረሽራል።

ኢትዮጵያም ከድንበር ውጭ ለሚነሣ የሳይበር ጥቃት እንግዳ አይደለችም። የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት ኤጀንሲ በሰኔ 2012 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ፣ ሳይበር ሆረስ የተባለውን ጨምሮ መቀመጫቸውን ግብፅ ያደረጉ ቡድኖች ከታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ሙሌት ጋር በተያያዘ የሞከሩትን ጥቃት ማክሸፉን አስታውቋል። ዒላማው ምርጫ ባይሆንም፣ የመንግሥት ድረ ገጾች ለፖለቲካዊ ጫና መሣሪያ ሊሆኑ እንደሚችሉ አመልክቷል። ያለ ፈቃድ ወደ ኮምፒዩተር ሥርዓት መግባት፣ መረጃን መጥለፍና ማበላሸት በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚያስቀጡ ሲሆን፣ ድርጊቱ በቁልፍ መሠረተ ልማት ላይ ሲፈጸም ቅጣቱ ይከብዳል። የዜጎችን መረጃ የሚሰበስቡ ተቋማት ያለባቸው የጥበቃ ግዴታም በግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ተደንግጓል።

በአገራችን ቆጠራ የሚካሄደው በየምርጫ ጣቢያው የፓርቲ ወኪሎችና ታዛቢዎች በተገኙበት ሲሆን፣ ውጤቱም በጣቢያው ይለጠፋል። ይህች ተራ የምትመስል ወረቀት ከሳይበር ጥቃት መከላከያዎች ሁሉ የማትናቅ ናት። በዩክሬን እንደታየው ሐሰተኛ ውጤት በድረ ገጽ ወይም በቴሌግራም ቢሠራጭ፣ የአካባቢው ነዋሪ በዓይኑ ካነበበው ጋር ሊያስተያየው ይችላል። ስለዚህ መራጮች የጣቢያቸውን ውጤት ሄደው ማንበባቸው፣ የተለጠፈውን ከመቅደድና ከመሸፈን መጠበቃቸው ጠቃሚ ነው።

ከምርጫው በፊት ደግሞ ዜጎች የምዝገባ ቦታን፣ የምርጫ ቀንንና የጣቢያ ለውጥን የሚመለከት መረጃ ሲደርሳቸው በኢትዮጵያ ብሔራዊ ምርጫ ቦርድ ይፋዊ ገጽ ወይም በምርጫ ጣቢያው በአካል እንዲያረጋግጡ ይመከራል። በአጭር መልእክት የመጣን ማስፈንጠሪያ ከመጫን ይልቅ አድራሻውን ራስ ጽፎ መግባት ይሻላል። የመራጭነት መብትን ለማረጋገጥ የኢሜይል ወይም የባንክ የይለፍ ቃል አያስፈልግም፤ በስልክ የሚላክ የአንድ ጊዜ ማረጋገጫ ቁጥርም ለማንም አይነገርም። የምርጫ አስፈጻሚዎች፣ የፓርቲ ሠራተኞችና ጋዜጠኞች ለኢሜይልና ለማኅበራዊ ገጾቻቸው ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ማብራት ይኖርባቸዋል፤ የፖዴስታ ኢሜይል በዚህ ቢጠበቅ ኖሮ የተሰረቀው የይለፍ ቃል ብቻውን በሩን አይከፍትም ነበር።

አጠራጣሪ መልእክት የደረሰው ሰው መልእክቱን ለሌሎች ማስተላለፍ የለበትም፤ ለማስጠንቀቅ በማሰብ እንኳ ቢሆን። መልእክቱንም ሳያጠፋ የላኪውን ስልክ ወይም አድራሻ፣ ቀንና ሰዓቱን የሚያሳይ የስክሪን ምስል አንሥቶ ለምርጫ ቦርድ፣ ለኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ወይም በአቅራቢያው ለሚገኝ ፖሊስ ጣቢያ ማቅረብ ይችላል። የይለፍ ቃሉን አስቀድሞ ሰጥቶ ከሆነ ግን ከጥቆማው በፊት የሚቀድመው፣ ከሌላ ስልክ ወይም ኮምፒዩተር ቃሉን መቀየርና ገጹ ከተከፈተባቸው መሣሪያዎች ሁሉ እንዲወጣ ማድረግ ነው።