ነፋስና ፀሐይ ለገጠር ኑሮ

ትልቅ የነፋስ ኃይል ማመንጫ ሲተከል ገጠሩ ሁሉ ብርሃን የሚያገኝ ይመስለናል። በመቐለ አጠገብ የሚገኘው አሸጎዳ በ2006 ዓ.ም. ሲመረቅ አቅሙ 120 ሜጋ ዋት ነበረ። ኃይሉ ግን ወደ ብሔራዊው መስመር ስለሚገባ፣ አጠገቡ ያለች መንደር እንኳ ትራንስፎርመር ካልተተከለላት በኩራዝ ታመሻለች።

በ1960ዎቹ የአሜሪካ ፕሬስቢቴሪያን ሚስዮን በኦሞ ወንዝ ዳር ያቆማቸው ባለ ሸራ የነፋስ መሣሪያዎች ውኃውን በቀጥታ ወደ እርሻው ይስቡ ነበር፤ ሸራ ደግሞ ቢቀደድ ይሰፋል።

የፀሐይ ሰሌዳ ከ20 ዓመት በላይ ያገለግላል። ባትሪው ግን በጥቂት ዓመታት ያልቃል፤ ያን ጊዜ አዋላጇ ወደ ኩራዟ ትመለሳለች። ስለዚህ ለጤና ጣቢያ ሰሌዳ የምታዋጡ ጉባኤዎች፣ የባትሪውን መተኪያ ገንዘብ ከወዲሁ ለይታችሁ አስቀምጡ። ውኃ ለመሳብ ከሆነ ባትሪ አያስፈልግም፤ ቀን የተሳበውን ከፍ ባለ ቦታ በታንከር ማጠራቀም ነው።