ስለ ቤት ማሞቂያ ነዳጅ አመራረጥ

በአገራችን ደጋ ብርዱ ሲጠና ጋቢ ደርቦ በከሰል ምድጃ ዙሪያ መቀመጥ የተለመደ ስለሆነ፣ ቤቱን በሙሉ በፈላ ውሃ የሚያሞቅ ቦይለር ከሆቴልና ከሆስፒታል በቀር እምብዛም አይታይም። በብሪታንያ፣ በጀርመንና በአሜሪካ ሰሜናዊ ምሥራቅ ግን በምድር ቤት ወይም በጓሮ የተተከለ ቦይለር የብርዱን ወራት ሁሉ ሲነድ ይከርማል። በዚያ ቤት ወይም ሱቅ የገዛ ነጋዴ፣ እንዲሁም ከዚያ ቦይለር የሚያስመጣ ሁሉ፣ የነዳጁን ዓይነት ለይቶ ማወቅ ይገባዋል።

የመጀመሪያው አደጋ ከስም ይመነጫል። ናፍጣ የሚለው ቃል ከጣሊያንኛ የተወሰደ ሲሆን በእኛ ዘንድ የከባድ መኪና ነዳጅ ማለት ነው። በእንግሊዝኛ የንግድ ደብዳቤ ናፍታ ተብሎ የሚጻፈው ግን እንደ ቤንዚን ፈጥኖ የሚተንና ቦግ የሚል ፈሳሽ ነው። በሩሲያ ኔፍት ሲባል ገና ያልተጣራ ድፍድፍ ነው፤ በእስራኤል ደግሞ ይኸው ቃል ነጭ ጋዝን ያመለክታል፤ እዚያ ናፍጣ የሚሻ ሰው ሶለር ብሎ ይጠይቃል። ጋዝ የሚለውም ቃል ከዚህ የተሻለ አይደለም። በእኛ ቤት ላምባ ነው፤ በአሜሪካ ማደያ ግን ጋዝ ብሎ ጀሪካን ለሚያቀርብ ሰው የሚቀዳለት ቤንዚን ነው። የቤንዚን ተን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሆነ ብርድ እንኳ እሳት ይይዛል፤ በአሜሪካ ደንብ ግን ለቤት የሚሸጠው የማሞቂያ ዘይት 38 ዲግሪ ሳይደርስ ተኑ እሳት ሊይዝ አይፈቀድም። ስሙን በማሳሳት ብቻ ቤት ይቃጠላል ማለት ነው።

ስለዚህ ጠንቃቃ ገዢ ከስሙ ይልቅ የደረጃውን ቁጥር ይጽፋል። የአሜሪካው ደረጃ ኤ.ኤስ.ቲ.ኤም. ዲ 396 ሲሆን፣ ቁጥር 1 ለነጭ ጋዝ የቀረበ ቀጭን ዘይት፣ ቁጥር 2 ደግሞ ለናፍጣ የቀረበና አብዛኛው ዘይት የሚያነድ ቤት የሚጠቀምበት ነው፤ ከዚያ በላይ ያሉት ወፍራሞች ለትልልቅ ሕንጻና ለፋብሪካ ናቸው። በብሪታንያ ደረጃው ቢ.ኤስ. 2869 ነው። በዚህም ሲ 2 የሚባለው የቦይለር ነጭ ጋዝ፣ ዲ የሚባለው ደግሞ ቀይ ቀለም የተነከረ ናፍጣ ነው። ነጋዴዎቹ ግን የመጀመሪያውን «28 ሰከንድ»፣ ሁለተኛውን «35 ሰከንድ» ይሏቸዋል። ይኸውም 50 ሚሊ ሊትር ዘይት በሬድውድ መለኪያ ጠባብ ቀዳዳ ፈስሶ እስኪያልቅ የሚፈጀው ጊዜ ነው። ጭስ ማውጫ ለሌለው የክፍል ማሞቂያ የተመደበው ሲ 1 ስለሆነ፣ በዚያ ሲ 2ን ማንደድ አይገባም።

ከሁለቱ የትኛው ይሻላል ተብሎ ቢጠየቅ፣ የሚፈርደው በቦይለሩ ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ ነው። ዘይቱ በፓምፕ ኃይል ተገፍቶ በኖዝል በኩል እንደ ጉም ይረጫል፤ የኖዝሉ ቀዳዳና የፓምፑ ግፊት ለአንዱ ዘይት ቅጥነት የተመጠኑ ናቸው። ለነጭ ጋዝ በተሠራው ውስጥ ናፍጣ ቢጨመር ጠብታው ይወፍራል፣ በሚገባ አይነድም፣ ጥቀርሻውም ቦይለሩን ይደፍናል። ለናፍጣ በተሠራው ውስጥ ነጭ ጋዝ ሲገባ ደግሞ ፓምፑ ቅባት ያጣል። አዲስ ቦይለር የሚገዛ ሰው ግን በርሜሉ የሚቀመጥበትን ስፍራ ያስብ። ናፍጣ በጽኑ ብርድ ሰም እየሠራ ማጣሪያውን ይዘጋል፤ ነጭ ጋዝ ከዜሮ በታች እስከ 30 ዲግሪ ገደማ ይፈሳል። በጓሮ ለተቀመጠ በርሜል ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። ሙቀቱ በጋሎን ሲመዘን ናፍጣው ከመቶ ሁለት ወይም ሦስት ያህል ብቻ ይበልጣልና፣ ዋጋ ሲነጻጸር ይህ ይታሰብ።

ከአውሮፓ ለአዲስ አበባ ሆቴል ቦይለር የሚያስመጣ ነጋዴ ሌላም ነገር አለበት። በ2,400 ሜትር ከፍታ አየሩ በባሕር ጠረፍ ካለው በአምስት እጅ አንድ ያህል የሳሳ ስለሆነ፣ ፋብሪካው እንዳስተካከለው የተተወ ማንደጃ አየር ያንሰዋል፣ ትክክለኛው ዘይት ቢገባበትም ጥቁር ጭስ ያወጣል። ስለዚህ የከፍታው ልክ በማዘዣው ላይ ከዘይቱ ቁጥር ጎን መጻፍ አለበት።