የልጅ ልደት ደርሶ ቤተሰቡ ቢታመም



የአፉላ ባቡር ጣቢያ በኦክቶበር 2016 ከተከፈተ ወዲህ ከሃይፋ ወደ እኛ መምጣት ቀሏል። አያት ድፎ ዳቧቸውን በፌስታል ይዘው፣ ነጠላቸውን ለብሰው፣ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ጣቢያው ላይ ይወርዳሉ። አንዳንዴም የሚመጡት ለልጅ ልጃቸው ልደት ነው። እንግዲህ አያት የስኳር በሽታ ያለባቸው ቢሆኑ፣ እዚህ ቤት ደግሞ ሕፃኑን ትኩሳት ይዞት እናቱም እያሳለች ቢሆን ምን ይደረጋል? ኬኩ ታዟል፣ ዶሮው ተሠርቷል፣ ዘመድ ተጠርቷል።

አገር ቤት ልደት በየዓመቱ ማክበር ልማዳችን አልነበረም። ከእኛ ከሽማግሌዎቹ ብዙዎቻችን የተወለድንበትን ቀን አናውቅም፤ መታወቂያችን ላይ ያለው በግምት የተጻፈ ነው። ደስታው የነበረው ወንዱ በ8ኛው ቀን ሲገረዝ፣ እናቲቱም ለወንድ 40፣ ለሴት 80 ቀን ቆይታ ከአራስ ጎጆ ወደ ቤቷ ስትመለስ ነው። እዚህ ግን ልጆቻችን ልደትን ጋን ውስጥ ይማራሉ። አክሊል ይደረግላቸዋል፣ ወንበር ላይ ተቀምጠው በዕድሜያቸው ቁጥር ወደ ላይ ይነሣሉ፣ ለሚመጣው ዓመት ደግሞ አንድ ይጨመርላቸዋል። ልጁ ሳምንት ሙሉ «መቼ ነው?» ሲል ይሰነብታል። በዚህ ጊዜ አያቶች «ቢቀርስ ምን አለበት» ሲሉ፣ ወላጆች ደግሞ «ሁላችንም ብንታመም ድግሱ አይቀርም» ይላሉ። እኛ በሁለቱም አንስማማም።

ቀን ማዛወር ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በኦሪት ዘኁልቁ ምዕራፍ 9 እንደምናገኘው፣ በሬሳ የረከሱ ወይም ሩቅ መንገድ ላይ የነበሩ ሰዎች ፋሲካን በሁለተኛው ወር በ14ኛው ቀን እንዲያደርጉ ተፈቅዶላቸዋል። ፋሲካ ከተዛወረ የልደት ኬክ ቢዛወር ምን ያስደንቃል? የ3 ዓመት ልጅም የቀን መቁጠሪያ አያነብም፤ «ልደትህ የሚመጣው ማክሰኞ ነው» ካሉት ማክሰኞ ነው።

በሽታው እንዴት እንደሚተላለፍ ካወቅን መወሰኑ ይቀላል። ጉንፋንና ኢንፍሉዌንዛ ከሳልና ከንፍጥ፣ ከእጅም ይተላለፋሉ። ኢንፍሉዌንዛ የያዘው ሰው ደግሞ ሕመሙ ከመሰማቱ አንድ ቀን ቀደም ብሎ ሌላውን ሊያስይዝ ይችላል። የእኛን ግብዣ እናስብ። የመጣው ሁሉ ሕፃኑን አገላብጦ ይስማል፤ በአንድ ትሪ ይበላል፤ ጉርሻ ከእጅ ወደ አፍ ይሄዳል። ፍቅራችን የሚገለጥበት መንገድ ሁሉ የበሽታውም መንገድ ነው። ሻማውም እንደዚሁ ነው። በ2017 በአሜሪካ ክሌምሰን ዩኒቨርሲቲ የወጣ ጥናት፣ ሻማ በእፍታ ሲጠፋ በኬኩ ክሬም ላይ ያለው ባክቴሪያ ከ10 እጥፍ በላይ እንደሚጨምር አሳይቷል። ጤነኛ ልጅ እፍ ቢል ብዙ የሚያሰጋ አይደለም። የሚያስል ልጅ እፍ ያለበትን ኬክ ግን ለአያት ቆርሶ መስጠት አይገባም። ሻማውን ለልጁ ብቻ በተቆረጠው ቁራሽ ላይ ማቆም ይሻላል።

ትኩሳት ካለ፣ ያለ መድኃኒት ከጠፋ 24 ሰዓት እስኪሞላው ድረስ እንግዳ አይጠራ። ማስመለስና ተቅማጥ ሲሆን ከቆመ በኋላ 48 ሰዓት እንጠብቅ፤ የታመመችው እናትም ለሌላ ሰው ምግብ አታዘጋጅ። ለዚህ ዓይነቱ በሽታ የእጅ ጄል ብዙ ስለማይረዳ በሳሙናና በውኃ መታጠብ ያስፈልጋል። ትኩሳት ከሽፍታ ጋር ከመጣ ነገሩ ኩፍኝ ሊሆን ይችላል። የኩፍኝ ቫይረስ በሽተኛው ከወጣ በኋላ እንኳ እስከ 2 ሰዓት በክፍሉ አየር ውስጥ ይቆያል። ስለዚህ ወደ ኩፓት ሖሊም ከመሄዳችሁ በፊት ስልክ ደውሉ፣ በተጠባባቂዎች መካከል እንዳትቀመጡ። በ2018 እና በ2019 በእስራኤል ከ4,000 በላይ ሰዎች በኩፍኝ ታመዋል። የልጁን የክትባት ደብተር በልደቱ ሰሞን ማየት ጥሩ ልማድ ነው፤ የኩፍኝ ክትባት በ1 ዓመትና በአንደኛ ክፍል ይሰጣል።

ከሁሉ የሚከብደው ይሉኝታው ነው። «ዘመድ ጠርቼ እንዴት አትምጡ እላለሁ?» የሚል ወላጅ ብዙ ነው። አያት ባቡር ላይ ሳይወጡ በማለዳ ደውላችሁ «እማዬ፣ ልጁ ትኩሳት አለው፣ ለእርስዎ ስለምንሰጋ ነው» ማለት ነውር አይደለም። የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ኢንፍሉዌንዛ ሲይዘው ስኳሩ ሊወጣበት፣ ሳንባውም ሊጎዳ ይችላል። አያቶችም እባካችሁ አትቀየሙ። በ2020 በኮሮና ጊዜ የመንገደኞች ባቡር ከማርች መጨረሻ እስከ ጁን 22 ቆሞ ነበር፤ ያን ጊዜ ምርቃታችን በስልክ ደርሷል።

ልጁ ትንሽ ሻል ካለው ቀኑን ባዶ አታድርጉበት። አክሊሉን ከወረቀት ሥሩለት፤ አቅም ያለው አባት ወንበሩን ቀስ አድርጎ ያንሣለት፤ አያት በስልክ ይመርቁት። ሩብ ሰዓት ይበቃዋል፣ ከዚያ ይተኛ። መብላት እንቢ ቢል አታስገድዱት፤ ውኃ ግን ጥቂት ጥቂት እያደረጋችሁ ደጋግማችሁ ስጡት። አካሞል የሚሰጠው በክብደቱ ልክ ነው። አስፕሪን ለልጅ አይሰጥም። ለሳል ማር መስጠት የቆየ ልማዳችን ነው፤ 1 ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ቦቱሊዝም የሚባል ከባድ መመረዝ ሊያመጣ ስለሚችል ጨርሶ አይሰጥ። ቆሎ፣ ኦቾሎኒና ፈንዲሻ ደግሞ 5 ዓመት ላልሞላው፣ ይልቁንም ለሚያስል ልጅ፣ ትንታ ያመጣሉ። የፈነዳ ፊኛ ቁራጭም ከወለል ላይ ቶሎ ይነሣ።

ከሚከተሉት አንዱን ካያችሁ ግን ኬኩን ትታችሁ ተነሡ። ዕድሜው ከ3 ወር በታች የሆነ ሕፃን 38 ዲግሪ ትኩሳት ካለው፤ ልጁ ቶሎ ቶሎ እየተነፈሰ የጎድን አጥንቱ ወደ ውስጥ ከገባ፤ ለ8 ሰዓት ሽንት ካልሸና፤ ሲያለቅስ እንባ ከሌለው፤ ከእንቅልፉ ለማንቃት ከከበደ፤ አንገቱ ከደረቀ። የእኛ ልጆች ቆዳ ጠይም ስለሆነ መጥቆሩና ሽፍታው ቶሎ አይታይም። ምላሱን፣ ድዱን፣ የጥፍሩን ሥርና መዳፉን በብርሃን እዩ፤ ሐኪሙም እንዲያይ ንገሩት። ትንፋሽ ካጠረው ወደ 101 ደውሉ። ሰንበት ነው ብላችሁ አትጠብቁ፤ ነፍስ ማዳን ሰንበትን ይሽራል፣ በሰንበት ስልክ መደወልም መኪና መሳፈርም ለዚህ ተፈቅዷል። እዚሁ አፉላ ያለው የሃኤሜቅ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሌሊትም ክፍት ነው። ስትሄዱ የክትባት ደብተሩን፣ የሰጣችሁትን መድኃኒትና የሰጣችሁበትን ሰዓት በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ። ዕብራይስጥ የሚያስቸግራችሁ ከሆነ በአማርኛ የሚያስረዳ ሰው እንዲጠራላችሁ ጠይቁ፤ ትንሹን ልጅ አስተርጓሚ አታድርጉት።