ከቁልፉ ሥር ያለው ፕሮግራም

በኮምፒውተር የሚጽፍ ሰው ቁልፍ ሲነካ በቁልፉ ላይ የተቀረጸው ፊደል በሽቦው ተጉዞ የሚገባ ቢመስለውም፣ ከሰሌዳው የሚወጣው ፊደል ሳይሆን ቁጥር ነው። በዩኤስቢ ስምምነት መሠረት በእንግሊዝኛው ሰሌዳ «ኤ» የተባለው ቁልፍ 4 ቁጥርን የሚልክ ሲሆን፣ ቁጥሩን ወደ ፊደል የሚለውጠው ኮምፒውተሩ በመሆኑ ያው አንድ ቁልፍ አንድ ጊዜ የላቲን፣ ሌላ ጊዜ የግእዝ ፊደል ሊያወጣ ይችላል። የትኛው ቁልፍ የትኛውን ቁጥር እንዲልክ የሚወስነው በሰሌዳው ውስጥ በተተከለ ቺፕ ላይ የሰፈረው ፕሮግራም ነው፤ ከመሣሪያው ጋር ተቆራኝቶ የሚኖር እንዲህ ያለ ፕሮግራም ፈርምዌር ይባላል።

ሜካኒካል የሚባለው ኪቦርድ እያንዳንዱ ቁልፍ የራሱ ማብሪያና ማጥፊያ፣ የራሱም ሞላ ያለው ሰሌዳ ነው። በብዙዎቹ ውስጥ የሚገኘው ኤቲሜጋ32ዩ4 የተባለው ቺፕ 26 የመገናኛ እግሮች ብቻ ስላሉት ለእያንዳንዱ ቁልፍ ለየብቻ ሽቦ መዘርጋት አይቻልም፤ ስለዚህ ቁልፎቹ በረድፍና በዓምድ ተያይዘው፣ ለምሳሌ 5 ረድፍና 14 ዓምድ ያለው ሰሌዳ 70 ቁልፎችን በ19 መስመሮች ያስተዳድራል። ፈርምዌሩ መስመሮቹን ያለማቋረጥ እየተመላለሰ የትኛው ረድፍ ከየትኛው ዓምድ ጋር እንደ ተነካካ ይመረምራል፤ ብረት ከብረት ሲገናኝ ለቅጽበት ስለሚንቀጠቀጥና አንድ ንክኪ እንደ ብዙ ሊቈጠር ስለሚችልም፣ ውሳኔውን ከመስጠቱ በፊት 5 ሚሊሰከንድ ያህል ይታገሣል።

ፋብሪካው የጻፈውን ፕሮግራም በሌላ መተካት በሞባይል ጥገና ሱቆች እንደሚባለው «ፍላሽ ማድረግ» ነው። ለዚህ በሰፊው ከሚታወቁት አንዱ ኪውኤምኬ የተባለው ፈርምዌር ሲሆን፣ ምንጩ ለሁሉም ክፍት በመሆኑ ማንኛውም ሰው አንብቦ ሊያሻሽለው ይችላል። ከሁሉ የሚበልጠው ጥቅሙ «ንብርብር» ሊባል የሚችለው አሠራር ነው፤ አንድ ቁልፍ ተይዞ ሳለ ሌሎቹ በሙሉ አዲስ ትርጉም ስለሚያገኙ፣ እጅ ከቦታው ሳይነሣ ቁጥሮችና ቀስቶች ከጣቶቹ ሥር ይመጣሉ። አንድ ቁልፍ ነክቶ ለለቀቀው ፊደል፣ ከ200 ሚሊሰከንድ በላይ ለያዘው ደግሞ ሺፍት እንዲሆን ማድረግም ይቻላል፤ ትንሿ ጣት ለሚያማት ጸሐፊ ይህ ቅንጦት አይደለም።

ሥራው የሚጀምረው የቁልፎቹን ድልድል በጽሑፍ አዘጋጅቶ ቺፑ ወደሚረዳው ፋይል በመለወጥ ነው። ከዚያ በሰሌዳው ጀርባ ያለውን የሪሴት ቁልፍ በመጫን ቺፑ ቡትሎደር ወደተባለው፣ አዲስ ፕሮግራም ወደሚቀበለው ትንሽ ፕሮግራም ይመለሳል፤ አርፒ2040 የተባለው ቺፕ ያላቸው ሰሌዳዎች በዚህ ጊዜ እንደ ፍላሽ ዲስክ ስለሚታዩ ፋይሉን ገልብጦ ማስቀመጥ ብቻ ይበቃል። ለሌላ ሰሌዳ የተዘጋጀ ፋይል መጫን ቁልፎቹን ዝም ሊያሰኛቸው ይችላል፤ ቡትሎደሩ እስካልተነካ ድረስ ግን ትክክለኛውን ፋይል እንደገና መጫን ይቻላል።

ለአማርኛ ጸሐፊ ጉዳዩ ተጨማሪ ፍሬ አለው። ፈርምዌሩ ከሁለት መቶ በላይ የሆኑትን የግእዝ ፊደላት የሚያመነጨውን የኮምፒውተሩን የአጻጻፍ ፕሮግራም ይተካል ማለት ባይሆንም፣ ደጋግመው ለሚያስፈልጉ ምልክቶች የራሳቸውን ቁልፍ መስጠት ይችላል። አራት ነጥብ በዩኒኮድ መዝገብ 1362 የሚል መለያ ስላለው፣ በሊኑክስ ኮንትሮል፣ ሺፍትና «ዩ» አብረው ተነክተው መለያው ሲጻፍ ምልክቱ ይወጣል፤ ፈርምዌሩ ይህን ሁሉ በአንድ ንክኪ ይፈጽማል። ዊንዶውስና ማክ ግን የየራሳቸው ሌላ ቅደም ተከተል አላቸውና፣ ሰሌዳውን ከአንዱ ነቅሎ ወደ ሌላው የሚሰካ ሰው ስልቱን የሚቀይር አንድ ቁልፍ አብሮ መመደብ ይኖርበታል።