«መውደቁ አይቀርም» የሚባለው የወተት ጥርስ

በአገራችን የወለቀ የወተት ጥርስን ወደ ቤት ጣሪያ መወርወር የቆየ ልማድ ነው። ጥርሱ ይወረወራል፣ ሌላው ይተካል፤ ነገሩ በዚሁ ያበቃል። ብዙ ወላጅ የልጁ የወተት ጥርስ ሲበሰብስ አይቶ «መውደቁ አይቀርም» ብሎ ችላ የሚለውም ምናልባት ከዚሁ የተነሣ ይሆናል።

በኦሃዮ ግዛት፣ በኮሎምበስ ከተማ ሰሜናዊ ዳርቻ በምትገኘው ፖላሪስ፣ የልጆች ጥርስ ክሊኒኮች ከሱቆችና ከምግብ ቤቶች ጋር ጎን ለጎን ይሠራሉ። ወደዚያ ከሚገቡት ሕፃናት ብዙዎቹ ምንም ሕመም የላቸውም። የጥርስ ሐኪም ማለት ጥርስ ነቃይ ሆኖ በኖረበት አገር ላደገ ወላጅ ይህ እንግዳ ነገር ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ጥርስ ሕክምና አካዳሚ ግን የመጀመሪያው ምርመራ አንደኛው ጥርስ ብቅ ሲል፣ ቢዘገይ ልጁ አንድ ዓመት ሳይሞላው እንዲደረግ ይመክራል፤ ከዚያ በኋላ በአብዛኛው በየ6 ወሩ።

ለምን ይህን ያህል ፈጥኖ? ጥርስን የሚበላው ትል ሳይሆን አሲድ ነው። በአፍ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ስኳርን ወደ አሲድ ይለውጣሉ፤ አሲዱም ከጥርሱ ሽፋን ማዕድን ያሟሟል። ምራቅ የተወሰደውን ማዕድን ቀስ በቀስ ይመልሳል፤ ነገር ግን በእንቅልፍ ጊዜ ምራቅ ስለሚቀንስ፣ ወተት ወይም ጭማቂ የያዘ ጡጦ አፉ ውስጥ እንዳለ የሚተኛ ልጅ ጥርሱ ሌሊቱን ሙሉ ይጠቃል። ጉዳቱ የሚጀምረው በድድ አጠገብ በሚታይ ነጭ ምልክት ነው። በዚህ ደረጃ ከተደረሰበት ፍሎራይድ በመቀባት ብቻ ሊገታ፣ ሊመለስም ይችላል። ልጁ «አመመኝ» ሲል ግን ይህ ዕድል አልፏል።

20ዎቹ የወተት ጥርሶች ማኘኪያ ብቻ አይደሉም፤ ለቋሚዎቹ ቦታ ይጠብቃሉ። የኋለኞቹ እስከ 10 እና 12 ዓመት ድረስ ይቆያሉ። ያለጊዜያቸው ከተነቀሉ ጎረቤቶቻቸው ወደ ክፍተቱ ያዘነብላሉ፣ ተተኪው ጥርስም ተጣሞ ይወጣል። በ6 ዓመት አካባቢ ደግሞ ከሁሉም ኋላ፣ ምንም ጥርስ ሳይወልቅ፣ አዲስ መንጋጋ ይበቅላል። ወላጅ የወተት ጥርስ ይመስለዋል፤ ቋሚ ነው፣ ተተኪም የለውም። በመደበኛ ምርመራ ወቅት በዚህ ጥርስ ስንጥቆች ላይ የሚቀባው መከላከያ ሽፋን በኋለኞቹ ጥርሶች ላይ ከሚደርሰው መቦርቦር 80 በመቶውን ለሁለት ዓመት ያህል እንደሚከላከል የአሜሪካ የበሽታዎች መከላከያ ማዕከል ያስረዳል። ሥራው መርፌም መሰርሰሪያም አይፈልግም።

ፍሎራይድ ሲባል ከስምጥ ሸለቆ የመጡ ወላጆች ቢሠጉ አይፈረድባቸውም። በወንጂና በመተሐራ ያደጉ የብዙዎች ጥርስ የበለዘው በዚሁ ንጥረ ነገር ነውና። ልዩነቱ ያለው በመጠኑ ላይ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ የአንዳንድ የስምጥ ሸለቆ ጉድጓዶች ውኃ ከዚህ ብዙ እጥፍ ይይዛል። በአሜሪካ የቧንቧ ውኃ እንዲኖር የሚመከረው 0.7 ሚሊ ግራም ነው። የጥርስ ሳሙናም ቢሆን ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ የሩዝ ፍሬ፣ ከዚያ እስከ 6 ዓመት የአተር ፍሬ ያህል ይበቃል።

በልጅነቱ «ግግ» የወጣለት ልጅ ካለም ለሐኪሙ መንገር ይገባል። ያ ልማድ ከሥር ያለውን የቋሚ ጥርስ እንቡጥ ሊያበላሽ ይችላልና፣ ሐኪሙ የክራንቻውን መጉደል ምክንያት በከንቱ ከመፈለግ ይድናል።

የቸልታው ዋጋ አንዳንዴ ከጥርስ ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ2007 በሜሪላንድ ግዛት አንድ የ12 ዓመት ልጅ ከተበከለ ጥርሱ የተነሣው ኢንፌክሽን አንጎሉ ደርሶ፣ ከሁለት ቀዶ ሕክምና በኋላ ሕይወቱ አለፈ። ጥርሱን ማስነቀል 80 ዶላር ገደማ ይፈጅ ነበር፤ የቤተሰቡ ሜዲኬይድ ግን ተቋርጦ ነበር። የፌዴራሉ ሕግ ሜዲኬይድ ላላቸው ከ21 ዓመት በታች ላሉ ሁሉ የጥርስ ሕክምና እንዲሸፈን ያዛል፤ ኦሃዮም በዚሁ ትገዛለች። ስለዚህ የመድን ማደሻ ደብዳቤ ሲመጣ ሳይከፈት መሳቢያ ውስጥ መግባት የለበትም።

የመጀመሪያው ምርመራ ራሱ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይፈጃል። ወላጅና ሐኪም ጉልበት ለጉልበት ገጥመው ይቀመጣሉ፤ ሕፃኑ ፊቱን ወደ እናቱ አድርጎ ጭኗ ላይ ከተቀመጠ በኋላ በጀርባው ይጋደምና ራሱን ሐኪሙ ጭን ላይ ያሳርፋል። ያለቅሳል፤ አፉ ሲከፈት ደግሞ ሐኪሙ ጥርሶቹን ይቆጥራል።